«ልብ ስጡኝ!»… የ10,000ኛው አባል ድግስና የግጥም ውድድራችን ጣጣ

ዘንድሮ «ድምፅ ስጡኝ» የማይል ሰው ጠፋ! የዘፋኙ፣ የቆንጆዋ፣ የአንድ ዓመት ሕፃን ፎቶ ሳይቀር «ገብታችሁ ልብ አድርጉልኝ» የሚል መልእክት በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ስልኬ ላይ ይወርዳል። ለቆንጆዋም ለሕፃኑም ግድ የለኝም፤ እግዜር ያሳድገው። የግጥም ነገር ሲሆን ግን ያንገበግበኛል። ለምን ቢሉ፣ እኔም ከዚያው መንደር ነኝና።

ውድ አንባብያን፣ ነገሬን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። የምኖረው ፍስሐ ገነት ነው። ከዲላ ተነስታችሁ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን ስታልፉ፣ ወደ ቡሌ ሆራና ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ታገኙናላችሁ። ቡናችንን ዓለም በይርጋ ጨፌ ስም ይጠጣዋል፤ እኛን ግን መንገደኛው መኪና ውስጥ እንዳንቀላፋ ያልፈናል። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ፎቶ ኮፒ… እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር የምሠራባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ የሚሠራው ቡና ማጠቢያ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት ቡና ሲገባ ሌሊቱንም እዚያው ስለሚያድር፣ በእነዚያ ወራት ባል አለኝ ማለት ይከብዳል። እኔና ስልኬ ነን።

መጻፍ የጀመርኩት ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ትምህርት ቤት በሚኒ ሚዲያው ግጥም የማነበው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ትዳር፣ ልጅ፣ ሱቅ… ብዕሩ ተረሳ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደብተር ማን ይግዛ? ሱቄ ውስጥ ዝንብ ስቆጥር አንዲት ዘመዴ ቴሌግራም ላይ ያለ የጸሐፊዎች ግሩፕ ውስጥ አስገባችኝ። ያኔ 200 ሰው አንሞላም ነበር። ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ፣ ከዲላ፣ አረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህትም ነበረች። ማታ ማታ አንዱ ይለጥፋል፣ ሌላው «ሦስተኛው ስንኝ ቤት አልመታም» ይለዋል። «በሰንጎ መገን ጀምረህ በወል ቤት ጨረስክ እኮ!» የሚል ደግሞ ይመጣል። ለማታውቁት፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት ቀለም፣ የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም እየሆነ ነው የሚሄደው። አንዲት ቀለም ስትጎድል ጆሮ ያውቃታል።

በዓልም ነበረን። አንድ ሰው ግሩፑ ውስጥ ዓመት ሲሞላው «እንኳን ለአንደኛ ዓመትህ» ይባላል፤ ኬክ በሥዕል፣ ርችት በሥዕል። ባለቤቴ አንድ ማታ ስልኬን አይቶ «የማይበላ ኬክ ምን ያስፈነድቅሻል?» ብሎኛል። እውነቱን ለመናገር ግን ደስ ይላል! በተለይ የማልረሳው፣ ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ 100ኛ ጽሑፋቸውን የለጠፉ ቀን ነው። ማንም ሳያዘን፣ አንዷ ተነስታ ከጋሼ ጽሑፎች የወደደችውን አንድ መስመር በድምፅዋ ቀርፃ ላከች። ሌላው ተከተለ። እኔም ጨመርኩ። 26 ሰው፣ 26 የተለያየ መስመር! ጋሼ በማግስቱ «ልጆቼ፣ ሌሊቱን ስሰማችሁ አደርኩ» ብለው ጻፉልን። እኚህ ሰው ከዚያ በፊት አንድም ቀን ልብ ቆጥረው አያውቁም፤ ከዚያ በኋላም አልቆጠሩም።

ነገር የተበላሸው ቁጥር ሲወደድ ነው። 1,000 ሲሞላ ተጨፈረ። ወደ 5,000 ስንጠጋ ደግሞ አድሚኖቹ «ብዙ ሰው አድ ላደረገ የ100 ብር ካርድ!» የሚል ማስታወቂያ አወጡ። ጉድ ፈላ! ሰው ስልኩ ላይ ያለውን ስም ሁሉ ጠራርጎ አስገባ። የሠፈራችን ሥጋ ቤት ባለቤት ማን እንዳስገባው ሳያውቅ ገብቶ፣ አንዲት ልጅ ስለ ሟች እናቷ በጻፈችው ግጥም ሥር «ቅዳሜ የሰንጋ ሥጋ አለ» ብሎ ለጥፎ አረፈው። ተሳቀ፣ ተቀለደ፤ የልጅቷ ግጥም ግን በዚያው ተቀበረ።

ከዚያ በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገራችን ተዘጉ፤ እስከ ሐምሌ ድረስ አምስት ወር ቆየ። ቪፒኤን የሚባለውን ያወቀ ይገባል፣ ያላወቀ ይቀራል። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ! በእነዚያ ወራት የግሩፑ ቁጥር አልቀነሰም። ከላይ «7,000 ምናምን አባላት» ይላል፤ ውስጥ የምንነጋገረው ግን ብንበዛ ሠላሳ ነን። ታዲያ ብታምኑም ባታምኑም፣ ጽሑፍ እንደዚያ ጊዜ ተነቦ አያውቅም። የለጠፋችሁት ነገር አስተያየት ሳያገኝ አያድርም።

ዲላ ዩኒቨርሲቲ የምትማር አንዲት ልጅ ጎልታ የወጣችው ያኔ ነው። ስለ እንሰት፣ ስለ አያቷ፣ ስለ ዝናብ ትጽፋለች። አማርኛው መሀል የጌዴኦኛ ቃል ጣል ታደርጋለች፤ ማንም ግን ትርጉም አይጠይቃትም፣ ከስንኙ ይገባላ! የአንድ አካባቢ ሰዎች ነንና ለብቻችን እንጻጻፍ ጀመር። «እትዬ» ነው የምትለኝ። የወደድኩላትን ግጥም ሱቅ ውስጥ በወረቀት አትሜ ማታ ለእናቴ አነብላታለሁ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጆሮዋ ግን አይሸወድም።

ሐምሌ ላይ መዘጋቱ ሲያበቃ ሰው እንደ ጎርፍ ተመለሰ። አድ ማድረጉም ቀጠለ፤ በ2016 ኅዳር 10,000 ሞላ። ድግሱ ተደገሰ። የግጥም ውድድር፣ ርዕሱ «አገሬ»፣ ሽልማቱ 3,000 ብር፣ አሸናፊው በሦስት ቀን ውስጥ ብዙ ልብ የሰበሰበ። ዳኛ የለም። በዚያው ዓመት መስከረም የጌዴኦ ባህላዊ መልክአ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቦ ስለነበር፣ እግሩ ዲላን ረግጦ የማያውቅ ሁሉ «አረንጓዴዋ ጌዴኦ» እያለ ይገጥምልን ገባ።

ልጅቷ ደግሞ አያቷ ቆጮ የምትቀብርበትን ጉድጓድ ጻፈች። እንሰቱ ተፍቆ በኮባ ይሸፈንና አፈር ውስጥ ይገባል፤ ከርሞ ይወጣል፣ ይበላል። አያትየው ግን አፈር ከገቡ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጉድጓዱም ባዶውን ቀርቷል። 14 መስመር ናት። «አገሬ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የላትም። ለእናቴ ሳነብላት ዝም ብላ ቆየችና «እስቲ ድገሚው» አለችኝ። እናቴ ድገሚው ያለችው ግጥም በዕድሜዋ ስንት እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ!

ከዚያ ልመናው ተጀመረ። «እትዬ፣ ልብ!» «እህቴ፣ ገባ ብለሽ ንኪልኝ።» ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ ስልኬን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ የነካልኝ ጎረምሳ አለ። አንደኛ የወጣው ልጅ ከ1,300 በላይ ልብ አገኘ፤ ዘመድ አዝማድ፣ የሥራ ባልደረባ፣ የዕድር ሰው ሳይቀር ተቀስቅሶለታል። ክፉ ልጅ አይደለም። ግጥሙም ክፉ አልነበረም (ጥሩ ነበር ግን አላልኩም)። የዲላዋ ልጅ 11 ልብ አገኘች። አንዷ የእኔ ናት። ወቅቱ ኅዳር ነው እኮ፤ የእሷ ዘመዶች ቡና ለቀማ ላይ ናቸው፣ ግማሾቹም ልብ የሚነኩበት ስልክ የላቸውም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ልጅቷ የለችም። ግጥሞቿንም አንድ በአንድ አጥፍታ ነው የወጣችው። ከአርባ በላይ ግጥም! ብደውል አታነሳም።

በሳምንቱ ዕቃ ላመጣ ዲላ የምሄድበት ቀን ነበር። ሱቄ ውስጥ ያተምኳቸውን ወረቀቶች ፈላልጌ 17 ግጥም አገኘሁ፤ በፕላስቲክ ክላሰር ከትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ግቢው በር ላይ ሆኜ «ግጥሞችሽን ይዤልሽ መጥቻለሁ» የሚል መልእክት ብልክላት ወጣች። ሻይ ቤት ገባን።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ብሩን ፈልጌ አይደለም» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«10,000 ሰው አይቶኝ የወደደኝ 11 ሰው ነው።»

«ማን አየሽ? ሥጋ ቤቱ አየሽ? የኔ ባል አየሽ? እሱም አባል ነው እኮ፤ ማን እንዳስገባው እስከ ዛሬ አያውቅም!»

ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ሌላ ቅጂ እንዳልነበራት፣ በንዴት ያጠፋችውን በማግስቱ ብትፈልገው እንዳጣችው ነገረችኝ። ክላሰሩን ስሰጣት ወረቀቱን እየገለጠች ቆጠረች። የቆጮዋ ግጥም መሀል ላይ ነበረች። «ግሩፑ ግን ይቅርብኝ» አለች፤ እኔም አልለመንኳት።

ማታ ቤቴ ገብቼ ለዋናው አድሚን ጻፍኩለት። «ወንድሜ፣ የዘመድ ብዛት ከሆነ የምትሸልሙት ግጥሙ ለምን አስፈለገ? ዘመዳችንን አሰልፈን እንቆጠር!» ተቆጣ። «እህታችን፣ ሕዝብ ዳኛ ነው» አለ። ጋሼ ጣልቃ ባይገቡ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ጋሼ በልጅነታቸው ጎጃም ቅኔ ቤት ገብተው ነበርና እንዲህ ሲሉ ጻፉ፤ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ የጎደለውን ያቃናለታል፣ ጓደኞቹ እጅ አውጥተው አያጸድቁለትም። እኔም ጨመርኩበት። ፀጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1966 በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ሲቀበል፣ «ገብታችሁ ንኩልኝ» ብሎ ጎረቤት ቀስቅሶ ነው እንዴ?

ተከራክረን ተከራክረን አዲስ ደንብ ወጣ። ስም ይደበቃል። ሦስት ሰዎች ያነባሉ፤ አንዱ ጋሼ ናቸው። ዋናው ደግሞ፣ አሸነፈም ተሸነፈም፣ ለላከ ሰው ሁሉ ግጥሙ የት ላይ እንደቆመና የት ላይ እንደወደቀ ሁለት መስመር ይጻፍለታል። በልብ ቆጠራው ጊዜ ከ200 በላይ ግጥም ገብቶ ነበር፤ በአዲሱ ደንብ የገባው 23 ብቻ ነው። ሰውም ወጣ፣ ቁጥሩ ከ10,000 በታች ወረደ። «ድግሳችንን አበላሸሽው!» ያለኝ ሰው አለ፤ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። ምን ላርግ?

አረብ አገር ያለችው እህታችን ደግሞ ሌላ ሐሳብ አመጣች። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 21 ሰዎች የጀመሩት ናኖራይሞ የሚባል ነገር ነበር፤ በአንድ ወር ውስጥ 50,000 ቃል ጽፎ መጨረስ ነው፣ የጨረሰ ሁሉ አሸናፊ ይባላል። ከዓመት ወደ ዓመት ዓለምን አዳርሶ፣ የገንዘብ እጥረትና ሌላም ጣጣ ተደራርቦበት እ.ኤ.አ. በ2025 መዘጋቱን አስታወቀ። እኛ ግን በ2016 ጳጉሜን ለራሳችን አሳጥረን ሞክረነው ነበር፤ አምስት ቀን፣ በቀን አንድ ገጽ። 41 ሰው ጀምሮ 19 ሰው ጨረሰ። ሦስተኛዋ ቀን ላይ የወደቀ ይበዛል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። የጨረሱትን በየስማቸው እየጠራን፣ ከየገጻቸው አንዳንድ መስመር በድምፅ እያነበብን አመሸን። እኔ በበኩሌ ሥዕል ኬኩንም አልጠላሁትም፣ እሱም ይኑር!

እንግዲህ እናንተ፣ ወይም ስልኳ ላይ እያቀረቀረች የምትጽፍ ልጅ ያለቻችሁ ወላጆች፣ ውድድር ከመግባት በፊት ጠይቁ። የሚያነበው ማን ነው? ለተሸነፈ ሰው መልስ ይሰጣል ወይ? መመዝገቢያ ብር ከተጠየቃችሁ ምን ላይ እንደሚውል ይነገራችሁ። «የተላኩ ጽሑፎች የአዘጋጁ ንብረት ይሆናሉ» የምትል መስመር ካያችሁ ደግሞ ቆም በሉ። የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) ለድርሰት ጥበቃ የሚሰጠው ምዝገባ ሳይጠይቅ፣ ድርሰቱ ተጽፎ እንደተገኘ ነው። የእናንተን ነገር በሁለት ጠቅታ አሳልፋችሁ አትስጡ። ደግሞ በወረቀት አስቀሩት! ደብተር ሻጭ ስለሆንኩ አይደለም… እሺ፣ ትንሽ ስለሆንኩም ነው። ስልክ ይሰረቃል፣ ግሩፕ ይዘጋል፣ ሰው ይናደድና ያጠፋል።

የዲላዋ ልጅ አሁን ተመርቃ ታስተምራለች። ግሩፑ ውስጥ የለችም፤ ለእኔ ግን ትልካለች። ባለፈው ማክሰኞ ስምንት መስመር ላከችልኝና ከሥሩ «እትዬ፣ አምስተኛው መስመር አንድ ቀለም አይጎድለውም?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ በጣቴ ስቆጥረው ሙሉ ነው። እናቴ ግን ሁለት ጊዜ አስደግማኝ «የሆነ ቦታ ያነክሳል» ብላለች፤ ዛሬ ማታ ሦስተኛ እናነበዋለን።