ጀልባ ስትገዙ ከምንጣፉ ሥር እዩ

ያገለገለ ጀልባ ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሞተሩን ነው። ሞተሩ ከተነሳ፣ ቀለሙም ካማረ፣ ቀጥታ ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። ዕድሜ የጠገበ ትንሽ ጀልባ ላይ ግን አደጋው ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ከምንጣፉ ሥር ነው። ወለሉና የቤንዚን ታንኩ እዚያ ናቸው። ጀልባ ለመግዛት የሚያስቡ ወላጆች ምግብ ቤታችን ሲመጡ ስለሚጠይቁኝ፣ እኛ የራሳችንን ከፍተን ያየነውን ልንገራችሁ።

የምንኖረው ፕሊማውዝ፣ ከሜዲሲን ሌክ ብዙም ሳንርቅ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ከ10 ኤከር የማያንሱ ሐይቆች ብቻ 11,842 ናቸው። ደጋ ያደግን ወላጆች ውሃ ብንፈራም፣ ልጆቻችን ግን የሐይቅ ልጆች ሆነዋል። የ14 ዓመቱ ልጄ ዓሣ ማጥመድ ስለሚወድ በ1990ዎቹ የተሠራች 18 ጫማ የአሉሚኒየም ጀልባ ገዛን። ሹፌሩ ወንበር አጠገብ ወለሉ ሲረገጥ እርግብ እርግብ ይል ነበር፤ ዋጋውንም ያስቀነስነው በዚሁ ነው። ልጄ ግን መታገስ አልቻለም።

«አባዬ፣ ይህን ክረምት እንጠቀምባትና በኋላ እንሠራታለን፤ ምን ችግር አለው?»

«እህትህን አሳፍረህ?» አልኩት። አኩርፎ ገባ።

ምንጣፉን ስናነሳ ከሥሩ ያለው ኮምፖልሳቶ እንደ ረጠበ ዳቦ በእጅ ይፈረፈር ነበር። ከእንጨቱ ሥር ደግሞ ጀልባዋ ውሃ ብትሞላ እንኳ እንዳትሰምጥ የተሞላ ስፖንጅ አለ። እሱም ለዓመታት ውሃ ሲጠጣ ኖሯል። አንድ ጋሎን ውሃ ከ8 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። 40 ጋሎን ተደብቆ ቢቀመጥ 330 ፓውንድ አለፈ ማለት ነው፤ ሁለት ሙሉ ሰው እኮ ነው! ጀልባዋ ላይ የተለጠፈው የጭነት ልክ እነዚህን ሁለት «ሰዎች» አይቆጥራቸውም። ክረምት ሲገባም ይኸው ውሃ በረዶ ሆኖ ያብጥና የነካውን ሁሉ ይገፋል።

ታንኩ ይብስ ነበር። አሉሚኒየም ዝገት የሚችለው አየር ሲያገኝ ነው፤ እርጥብ ስፖንጅ ሲታቀፈው ግን ከሥር ይበሳሳል። የእኛም ታንክ ሆዱ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ሆኖ፣ አንድ ቦታ ላይ ቤንዚን ማላብ ጀምሮ ነበር። ወጥ ቤታችን ውስጥ የምናነደው የተፈጥሮ ጋዝ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። የቤንዚን ትነት ግን ከአየር ስለሚከብድ ወርዶ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይተኛል። ከዚያ ከባትሪ ወይም ከማብሪያ ማጥፊያ የሚመጣ ትንሽ ብልጭታ ይበቃዋል። ልጄ ጎንበስ ብሎ ሲያሸት ኩርፊያው ለቀቀው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው እንዲህ ነው።

ሥራውን የምንሠራው ምግብ ቤታችን በሚዘጋበት ሰኞ ሰኞ ስለነበር ሰባት ሰኞ ፈጀ። መጀመሪያ ባትሪውን ፈታን። ቤንዚኑን ደጅ ላይ በእጅ ፓምፕ መሬት ላይ ወዳስቀመጥናቸው ቀያይ ጀሪካኖች ቀዳን፤ አሮጌውን ቤንዚንም ብሩክሊን ፓርክ ወዳለው የሄኔፒን ካውንቲ መጣያ ወሰድን። አደራ፣ ባዶ ታንክ ነው ብላችሁ እንዳትቆርጡት፣ እንዳትበይዱትም። ውስጡ የቀረው ትነት ከሞላው ቤንዚን የባሰ ይፈነዳል።

አዲሱ ታንክ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ መጀመሪያ ቤንዚን ሲገባበት ትንሽ ስለሚያብጥ ዙሪያውን ክፍተት ተውንለት። ቱቦዎቹን በሙሉ ለጀልባ በተሠሩ ቀየርን። ማገናኘቱንና መፈተሹን ግን ለባለሙያ ሰጠን፤ እሱ ታንኩን በአየር ግፊት ፈትሾ «አያፈስም» እስኪል ድረስ ወለሉን አልዘጋንም።

ለወለሉ እንዳይበሰብስ በኬሚካል የታከመ እንጨት የሚመርጥ አለ። አብዛኛው እንዲህ ያለ እንጨት ግን ውስጡ መዳብ ስላለው አሉሚኒየሙን ይበላዋል። እኛ ለጀልባ የሚሠራውን ኮምፖልሳቶ ወሰድን። የስምንት ዓመቷ ልጄ የአሮጌውን ወለል ቁራጮች እያስቀመጠች በእርሳስ ልኩን አወጣች፤ ወንድሟ ቆረጠ። ከዚያ ጠርዙንም የብሎን ቀዳዳዎቹንም ሳይቀር ኢፖክሲ ቀባን፤ ብሎኖቹም የማይዝጉ ናቸው።

ጣና ላይ ነገደ ወይጦዎች ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው ሥራ ሲጨርስ ከሐይቁ ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል። በጣም ሲከብድ ጊዜው አልፏል፤ ሌላ ይሠራል። ባለቤቱ ሁሉንም ነገር በዓይኑ ስለሚያይ አይታለልም። የእኛዎቹ ጀልባዎች ግን ምንጣፍ ለብሰው ነው የሚበሰብሱት።

የሚኒሶታ ሕግም ይረዳናል። ከሐይቅ ስትወጡ የጀልባውን ውታፍ ነቅላችሁ ውሃውን ማፍሰስ፣ መንገድ ላይም ውታፉን ሳትመልሱ መንዳት ግዴታ ነው። ሕጉ የወጣው ዜብራ መስልን የመሳሰሉ መጤ ፍጥረታት ከሐይቅ ወደ ሐይቅ እንዳይዛመቱ ነው፤ ለወለላችሁ ዕድሜም ግን መድኃኒት ነው። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ደግሞ ጀልባው ሲሄድ ላይፍ ጃኬት መልበስ አለባቸው። ወለሉ አዲስ ሆነም አልሆነም ይህ አይቀርም።

ወጪው የጀልባዋን ዋጋ ግማሽ ያህል ነበር። ልትገዙ ስትሄዱ ይህን አስባችሁ ተከራከሩ። ወለሉን በእግራችሁ ደጋግማችሁ እርገጡ፣ ጎንበስ ብላችሁ አሽትቱ፣ ታንኩ የት እንዳለና ዕድሜው ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ሻጩ ምንጣፉን አላስነሳም ካለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ።

እኛ አዲሱ ወለል ላይ ሁለት ክብ መክፈቻዎች አበጅተናል፤ ከእንግዲህ ሥሩን ለማየት መጋዝ አያስፈልግም። መጸው ላይ ጀልባዋን ከመሸፈናችን በፊት ልጄ ክዳኖቹን ይከፍትና ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ ይዳስሳል። እጁ ደረቅ ሆኖ ካልወጣ ጀልባዋ አትሸፈንም።