የጁምዓ ዲጄ

ጁምዓ ጁምዓ ፈርዋኒያ፣ ሐወሊ፣ ሳልሚያ ወይም ጅሊብ ቤት የተከራዩ ልጆች ጋ ስንሰበሰብ ቡና የምታፈላ አለች፣ ወጥ የምትሠራ አለች፣ ዘፈን የምትይዝም አለች። እኛ ጋ ዘፈን የምይዘው እኔ ነኝ። ስድስት ዓመቴ ነው። ስልኬ ላይ ሁለት ዘፈን ጎን ለጎን የሚያጫውት ነፃ አፕ አለ፣ በእቁብ የገዛሁት አንድ ስፒከር አለ፣ ሌላ ዕቃ የለኝም። ብዙዎቻችሁ «አንቺ ስትይዢው ለምን አይቆራረጥም?» ትሉኛላችሁና የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

አብዛኛውን የተማርኩት ከሮፍናን ነው። አግኝቼው አይደለም፣ ሰምቼው። ልብስ ስተኩስ አንዱን ጆሮዬን ለማዳም ጥሪ ትቼ በሌላው እሰማዋለሁ። ሮፍናን ዘፋኝ ሆኖ ከመታወቁ በፊት ዲጄ ነበር። በ2018 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) «ነጸብራቅ»ን፣ በ2022 ደግሞ «ስድስት»ን ሲያወጣ ሰው የወደደለት የሀገር ቤቱን ምትና ዜማ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር አብሮ ስላስኬደው ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። ዘፈኑ ሊፈነዳ ሲል መጀመሪያ ከበሮው ይጠፋል፣ ቀጥሎ ቤዙ ይጠፋል፣ ትንፋሽ የምታህል ፀጥታ ትመጣለች፤ ከዚያ ሁሉም ባንዴ ሲመለስ ሰው ከተቀመጠበት ይነሳል። ያቺ ፀጥታ ባትኖር የተመለሰውን ከበሮ ማንም ልብ አይለውም ነበር። ጥሩ ዲጄ መቀነስ ያውቃል።

ከእሱ በፊትም መንገዱን የጀመሩ አሉ። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ አሜሪካ ለሥራ ሲሄድ እሱ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና በማሽን የሚመታ ከበሮ ብቻውን እየደራረበ አንድ ካሴት ቀዳ። ከዚያ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ጭኖ ይዞር ነበር፤ ኤርፖርት ላይ ተሳፋሪ እየጠበቀ ይለማመዳል። በ2013 ያ ካሴት እንደገና ታትሞ ሲወጣ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። ይህን የማነሳው «እኛ የቤት ሠራተኞች ነን፣ ሙዚቃ ምናችን ነው?» ለምትል እህት ነው። ከወጣቶቹም እንደገና ሙሉ አለ፤ ሥራውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ይጠራዋል። ሚካኤል ሰይፉም በ2016 «ዘላለም»ን አውጥቷል። የእነሱን ቀስ ብላችሁ፣ ማታ ሥራ ሲያልቅ ስሙት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ ምት ነው። ጭፈራ ቤት የሚሰማው ኤሌክትሮኒክ አብዛኛው በአራት ይቆጠራል። የእኛ ችክችካ በስድስት ነው፤ ሁለት ትልልቅ ምት፣ በየውስጣቸው ሦስት ሦስት ትንንሽ። ሁለቱን ስታገናኙ ትንንሾቹን አትከተሉ። እግራችሁ መሬት የሚመታበትን ትልቁን ምት ያዙ። የአንዱ ትልቅ ምት ከሌላው ትልቅ ምት እኩል ከሄደ ጆሮ ይቀበለዋል። ካልገጠመ ፍጥነቱን በትንሹ አስተካክሉ፤ ካበዛችሁት የዘፋኙ ድምፅ ይበላሻል።

ሁለተኛ፣ በግጥም መሃል አትግቡ። ሰው እየዘፈነ ሌላ ሰው ዘፈን ቢጀምርበት ምን ይሰማዋል? አዝማቹ እስኪያልቅ፣ መሣሪያው ብቻውን እስኪቀር ጠብቁ። ከዚያ ስምንት ምት ቁጠሩና አዲሱን ከአንድ አስነሱ።

ሦስተኛ፣ ሁለት ቤዝ አንድ ላይ አታስጩሁ። አፑ ላይ ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚቀንስ መቆጣጠሪያ አለ። አዲሱን ስታስገቡ ቤዙን ዘግታችሁ አስገቡት። የአሮጌውን ቤዝ ስትቀንሱ የአዲሱን ክፈቱ። አብዛኛው የምትወዱልኝ ነገር ይኸው ነው።

አራተኛ፣ ቅኝት። የትዝታ ዜማ ላይ የአንቺሆዬ ዜማ ብትደርቡ የተጣሉ ጎረቤቶች ይመስላሉ። ቅኝታቸው ከተለያየ ዜማውን አትደርቡ፤ ከበሮው ብቻ ድልድይ ይሁን።

አምስተኛ፣ ይህን ሀገር እወቁት። የድምፁ መለኪያ ቀይ ላይ ከደረሰ ዘፈኑ ይሻክራል፣ ጎረቤትም ይነሳል። በግድግዳ አልፎ ሰው የሚረብሸው ቤዝ ነው። ስፒከሩን ከወለል አንስታችሁ፣ ከግድግዳ አርቃችሁ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጡት፤ ሓሪሱ በር አያንኳኳም። አዛን ሲል ደግሞ ይዘጋል። የሶላት ሰዓት ስልካችሁ ላይ ስላለ ቀድማችሁ እዩት፣ ቡናው በዚያ ሰዓት ይቀዳ። ዘፈኑ በድንገት ተቆረጠ አይባልም፣ እረፍት ነው።

ይህ የእጅ ሥራ ነው፣ ይለመዳል። ከባዱ የቱ ዘፈን ከየቱ ቀጥሎ ይምጣ የሚለው ነው። በ2021፣ ሀገር ቤት ጦርነት በነበረ ጊዜ፣ አንድ ጁምዓ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ከጎንደር የመጣች አለች፣ ከወለጋ አለች፣ ከወላይታ፣ ከጅማ። ከትግራይ የመጣች አንዲት ልጅ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ስልክ ተቋርጦ የእናቷን ድምፅ ከሰማች ወራት አልፏል። አንዷ «የዘመቻ ዘፈን ክፈቺልኝ» አለችኝ። ወንድሟ ግንባር ነው፣ እሷም ሌሊት አትተኛም። ቤቱ ጭጭ አለ። ሁሉም እጄን ያያል።

የአማርኛም የትግርኛም አልከፈትኩም። ቃል የሌለበትን፣ የኃይሉን አኮርዲዮን ከፈትኩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ቀጠልኩ። ማንም አልጨፈረም። ትንሽ ቆይቶ ወንድሟ ግንባር ያለው ልጅ ሁለት ሲኒ ይዛ ተነሳች፣ አንዱን ጥግ ላይ ላለችው ሰጠቻት፣ አጠገቧም ቁጭ አለች። ምንም አልተነጋገሩም። ነገሩ ተፈታ አልላችሁም፤ ግን ያን ቀን አንዳቸውም ጥለው አልወጡም። ከዚያ ወዲህ ቃል የሌላቸውን ዘፈኖች ለብቻቸው ይዣለሁ፣ መቼ እንደሚያስፈልጉ አይታወቅም።

እህቶቼ፣ ጁምዓ የማዳም ስጦታ አይደለም። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ የ2015 ቁጥር 68፣ በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው እረፍት ይሰጠናል። ግን ከመካከላችን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ የምትወጣ አለች፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ የተፈቀደላት አለች። ስለዚህ ልጅ በር ስትገባ ሁለት ነገር እጠይቃታለሁ፤ «ምን ልክፈትልሽ?» እና «ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ?»። ቀድማ የምትሄደው ዘፈኗ ቀድሞ ይከፈታል። ጉራጊኛውም፣ ኦሮምኛውም፣ ትግርኛውም፣ ወላይትኛውም ባለቤቱ ቤት ውስጥ እያለ መሰማት አለበት።

መጨረሻው ላይ በጋለ ዘፈን አትዝጉ። ለሃያ ደቂቃ ያህል ቀዝቀዝ አድርጉት፤ ዓባያዋን የምትፈልግ ትፈልግ፣ ታክሲ የሚጋሩ ይጠራሩ፣ ለቤተሰብ ብር መላኪያ የተበዳደሩ ይተሳሰቡ። መጀመር የምትፈልጊ ደግሞ ዛሬ ማታ በምታውቂያቸው ሁለት ዘፈኖች ጀምሪ፣ አንድ የኛ ችክችካ፣ አንድ የሮፍናን። ኤርፎኑን ግን አታስጩሂው፣ ጆሮሽ ለብዙ ጁምዓ ያስፈልግሻል።