መስኮቱ የት ነው የሚያየው?

እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ቤት ብትሠሩ መጀመሪያ የምታስቡት ምንድን ነው? እኔ ያሰብኩት ትልቅ መስኮት ነበር።

ያደግኩት ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠሩት ይነገራል፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ለእኔ ግን ከቅርስነቱ ይልቅ የሚታየኝ የቤታችን ጨለማ ነበር። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፤ በመንገድ በኩል መስኮት የለውም። ጓደኞቼን ቤት ለመጥራት አፍር ነበር።

የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ሳለሁ በአንድ ክረምት የጓዳችን ግድግዳ ተደረመሰ። አባቴ «ተማርክ አይደል? በል ንድፉን አንተ አውጣ» አለኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! በኮንክሪት የቆመ፣ ፎቅ ያለው፣ ከላይ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ቤት ነደፍኩ።

ንድፉን ይዤ ወደ ጎረቤታችን ሄድኩ። እናቴ ሥራ ስትውል እያበሉ ያሳደጉኝ አንዲት ሐረሪ እናት ናቸው። ወረቀቱን ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ ይኼ መስኮት የት ነው የሚያየው?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። የሚያየው የእሳቸውን ግቢ ነበር። ሻሻቸውን አውልቀው ጸጉራቸውን የሚያበጥሩበት፣ ሴት ልጆቻቸው እንደ ልባቸው የሚሆኑበት ግቢ። እሳቸው ግን አልተቆጡኝም፤ ቡና አፈሉልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የድሮዎቹ ሐረሪ ቤቶች ፊታቸውን ወደ ግቢያቸው ያዞሩት ለካ በምክንያት ነው! ሁለት ሰው በጭንቅ በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ተደጋግፈው ሲኖሩ፣ አንዱ የሌላውን ገመና የሚጠብቀው በግድግዳው ነው።

አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ደግሞ የወደቀውን ግድግዳ እየነካኩ ሌላ ነገር አሳዩኝ። ከዓመታት በፊት «ይዘምን» ብለን በሲሚንቶ ለስነነው ነበር። ኖራ ቢሆን እርጥበቱን ያስወጣው ነበር፤ ሲሚንቶው ግን አፍኖ ያዘውና ውስጡ ያለው ጭቃ ሟሟ። ግድግዳችንን የጣለው እርጅና ብቻ አልነበረም፤ እኛም እጃችን አለበት።

ንድፉን ቀደድኩት። የውጪው ግድግዳ በድንጋይ ተሠርቶ በኖራ ተለሰነ። ውስጡ ግን ዘመናዊ ነው፦ የቧንቧ ውኃ ያለው ማድ ቤት፣ ሻወር፣ ወደ ራሳችን ግቢ የሚከፈት ሰፊ መስኮት። ሳሎናችን ውስጥ ያለው አሮጌው መደብ ባለበት ቆየ፤ አሁን ጓደኞቼ ሲመጡ የሚሻሙት እሱን ነው።

ሁሉ ተሳካ ግን አልላችሁም። ፎቁ ስለቀረ ከታናሽ ወንድሜ ጋር እስከ ዛሬ አንድ ክፍል እንጋራለን፤ አንዳንድ ማታ፣ እሱ ሲያንኮራፋ፣ ያ ንድፍ ትዝ ይለኛል።

ወዳጆቼ፣ አዲስ ነገር መመኘት ክፉ አይደለም። ግን እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት ሂዱና ከጎረቤታችሁ ግቢ ቁሙ። ከዚያ ሆናችሁ ቀና በሉና የራሳችሁን መስኮት እዩት።