ጥርስና አንደበት

ጥርስ እህል ማላመጫ ብቻ ሳይሆን የቃል መቅረጫም ጭምር ነው። «ፈ» ለማለት የታችኛው ከንፈር የላይኛውን የፊት ጥርስ መንካት አለበት። «ሰ» እና «ዘ» ጠርተው የሚሰሙትም ትንፋሽ በጥርስ አጠገብ በጠባብ መንገድ ሲያልፍ ነው። ከዚህም የተነሣ በመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ የሚኖሩ አንድ አዛውንት የፊት ጥርሶቻቸውን ሲያጡ የሚቀርባቸው ቆሎ መቆርጠም ብቻ አይደለም። በሠርግና በደቦ ቀረርቶ ሲያሰሙ የኖሩ ሰው ቃሉ አልጠራ ሲላቸው ከሸንጎው ይርቃሉ፤ ሲስቁ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይሸፍናሉ፤ ውሎ አድሮም ዝም ይላሉ። ከእርሳቸው ጋር ዝም የሚለው ለልጅ ያልተላለፈው ቃል ግጥም ነው።

የሕዝቡ የውበት ስሜት ለጥርስ የሰጠው ስፍራ ከፍ ያለ ነው። ፍንጭት በዘፈን ይወደሳል፤ የድድ ንቅሳትም የጥርስን ንጣት አጉልቶ የሚያሳይ ጌጥ ነው። ተፈጥሮ የተወችው ክፍተት ውበት ሲባል፣ በሽታ ወይም አደጋ የከፈተው ግን «ወላቃ» ያሰኛል።

ይህን ክፍተት መሙያ ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ ይረክሳል፤ ማታ ወልቆ መጽዳትና ውሃ ውስጥ ማደር ይኖርበታል። ይሁን እንጂ ጥርስ ያጣ የመንጋጋ አጥንት ከዓመት ወደ ዓመት ስለሚሟሽሽ ልክ የነበረው ይላላል፤ ባለሙያም እንደገና ሊያስተካክለው ይገባል። ሁለተኛው ድልድይ ነው። ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ተሞርደው ይሸፈኑና ሰው ሠራሹን ይሸከማሉ። አይወልቅም፤ ነገር ግን ጤነኛ ጥርስ መሞረድን ይጠይቃል። ሦስተኛው በአጥንት ውስጥ የሚተከል የቲታንየም ሥር ነው። ስዊድናዊው ፐር ኢንግቫር ብሮነማርክ ቲታንየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጥንቸል ላይ ተመልክቶ፣ በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው መንጋጋ ተከለው። ውሕደቱ ወራት ይፈጃል፤ ዋጋውም ከፍተኛ ነው። ትምባሆ የሚያጨስ ወይም ስኳር በሽታውን ያልተቆጣጠረ ሰው ተከላው የመክሸፍ ዕድሉ ይጨምርበታል።

እንግዲህ ምርጫው በውበት ብቻ የሚመዘን አይደለም። ከዓለም ከተማ አዲስ አበባ ለመድረስ የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት የግድ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጥርስ ከማስተከሉ በፊት «ሲላላ ወይም ሲሰበር ማን፣ የት ይጠግነዋል?» ብሎ መጠየቁ ብልህነት ነው። በቅርብ የሚጠገን የሚወልቅ ጥርስ፣ ተመልካች ካጣ ውድ ተከላ ይሻላል።

አዲስ ጥርስም ቢሆን ወዲያው አይናገርም። ምላስ አዲሱን ግድግዳ እስኪለምድ ድረስ ቃል ይኮላተፋል፤ መድኃኒቱም ጮክ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ ማንበብ ወይም ማዜም ነው። ለአዛውንቱ ከቀረርቷቸው የተሻለ መለማመጃ አይገኝም። የቃል ግጥም ሊሰበስብ ወደ መንደር የሚወጣ መምህርም ያልጠራውን ቃል እንደ እርጅና ቆጥሮ አይዝለለው፤ ታግሦ ይድገምላቸው፣ ያስደግማቸውም። የጎደለው ጥርስ እንጂ ግጥሙ አይደለምና።