ያቺ ሁለት ነጥብ

ኮሌጅ ውስጥ የፍልስፍና መግቢያ ሳስተምር በየፈተናው የማላስቀራት አንዲት የ«እውነት/ሐሰት» ጥያቄ ነበረችኝ፦ «ቡዲዝም ሃይማኖት ነው።» መልሷ «ሐሰት»። ከኔ የተማራችሁ አትረሷትም፤ ብዙዎቻችሁን ጥላለች። ምክንያቴ አጭር ነበር። ቡድሃ ፈጣሪ አምላክን አላስተማረም፣ ስለዚህ ፍልስፍና ነው፤ አለቀ።

አንዲት ልጅ ወረቀቷን ይዛ ቢሮዬ መጣች። «ቲቸር፣ መነኮሳት አላቸው፣ ይሰግዳሉ፣ ገዳም አላቸው። ታዲያ እንዴት ሃይማኖት አይሆንም?» አለችኝ። «መጽሐፉን በደንብ አንብቢ» ብዬ ሸኘኋት። እውነቱን ለመናገር እኔም ያነበብኩት አንድ ምዕራፍ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜን ለማሳከም ባንኮክ ሄድን። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ። መነኮሳቱ ብርቱካንማ ልብሳቸውን ተጎናጽፈው፣ የምጽዋት ዕቃቸውን ታቅፈው፣ በባዶ እግራቸው ይመጣሉ። ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ተንበርክኮ ምግብ ይሰጣቸዋል። የኛ የቆሎ ተማሪ ነው ትዝ ያለኝ፤ ልዩነቱ እነሱ ድምፅ አውጥተው አይለምኑም። ውሻ ሲያባርራቸውም አላየሁም።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት፣ መነኮሳቱ ሲመርቋቸው ከትንሽ ዕቃ ውሃ ቀስ አድርገው ያንቆረቁራሉ። ልጃቸው አስተረጎመችልኝ፤ ከምጽዋቱ ያገኙትን በረከት ለሞቱት ባላቸው እያስተላለፉ ነው። ተዝካር በሉት። እኔ ደግሞ «በቡድሃ ትምህርት ቋሚ ነፍስ የለም» ብዬ ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩ ሰው ነኝ!

«እምነታችሁ ሃይማኖት ነው ፍልስፍና?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥያቄው ራሱ አልገባቸውም። በኋላ ሳነብ ታይላንዶች ሃይማኖትን የሚጠሩበት ቃል የመጣው ከፓሊው «ሳሳና» ነው፤ ትርጉሙ ትምህርት። የኛው «ሃይማኖት» ግን ከማመን ጋር የተያያዘ ነው። ለካ ጥያቄዬን ያጣመመው ቃሉ ነው፤ «ምን ታምናላችሁ?» እያልኩ ነበር፣ እነሱ «ምን ትሠራላችሁ?» ቢባሉ ይቀላቸው ነበር።

አንድ ምሳሌም አስታውሳችኋለሁ። ዓለም ዘላለማዊ ነው አይደለም ብሎ ለጨቀጨቀው መነኩሴ ቡድሃ የሰጠው መልስ ነው፦ በመርዘኛ ፍላጻ የተወጋ ሰው «የወጋኝ ማን ነው? ዘሩስ ምንድን ነው?» ካላወቅኩ አይነቀልልኝ ቢል መልሱን ሳያገኝ ይሞታል። ክፍል ውስጥ «አያችሁ፣ ፈላስፋ ነው!» እል ነበር። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ምሳሌው የሚገሥጸው እንደኔ ያለውን ጠያቂ ነው።

ፍልስፍና የለበትም አላልኩም። ናጋርጁናን ያነበበ ሰው እንደዚያ አይልም። ጎህ ሲቀድ የሚንበረከክ ሕዝብ አይቶ «ይሄ ሃይማኖት አይደለም» ማለት ግን ድፍረት ነው፤ በተለይ ከአንድ ምዕራፍ ተነስቶ።

ወንድሜ በዓመቱ አረፈ። በአርባው ጠላ ሲቀዳ የኚያ እናት ውሃ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ያቺ ልጅ፣ ስምሽ ጠፍቶኛል፣ ወረቀትሽ ግን አልጠፋኝም። ሁለቱ ነጥብ ያንቺ ነበር። እዚህ ካለሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።