ማንንም ሳይሸኙ አውሮፕላን ማየት

አውሮፕላን ማረፊያ ሲባል ለእርስዎ ቀድሞ የሚታይዎት ምንድን ነው? ለብዙዎቻችን መልሱ ተመሳሳይ ነው፤ ሻንጣ፣ ዕንባ፣ በመስታወት ማዶ የሚውለበለብ እጅ፣ ካልሆነም አበባ ይዞ የሚጠብቅ ዘመድ። እኛ ወደዚያ የምንሄደው ሰው ልንሸኝ ወይም ልንቀበል ነው። አውሮፕላኑን ራሱን ቆም ብለን አናየውም። ዓይናችን ያለው ይዞት በሚሄደው ወይም ይዞት በሚመጣው ሰው ላይ ነው።

ነገር ግን ማንንም ሳይሸኙና ማንንም ሳይቀበሉ፣ አውሮፕላን ሲያርፍና ሲነሳ ለማየት ብቻ ከቤታቸው የሚወጡ ሰዎች አሉ። «ፕሌን ስፖተር» ይባላሉ። ካሜራ፣ ማስታወሻ ደብተርና የሚቀመስ ነገር ይዘው አጥር ጥግ ይቆማሉ። የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ ጭራው አካባቢ የተጻፈውን የምዝገባ ምልክትና የመጣበትን ከተማ ይመዘግባሉ፤ ፎቶ ያነሳሉ። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከልጄ ነው። አሁን 14 ዓመቱ ነው፤ የምንኖረውም አቴንስ ነው። ለልደቱ ምን እንደሚፈልግ ስጠይቀው ጫማ ወይም ስልክ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ስኪያቶስ ውሰጂኝ» አለኝ።

ስኪያቶስ በኤጅያን ባሕር ላይ ያለች ትንሽ የግሪክ ደሴት ናት። ኮረብታዎቿ ጥድ የለበሱ፣ ቤቶቿ ነጭ ግድግዳና ቀይ የሸክላ ጣሪያ ያላቸው ናቸው። ከአቴንስ ቮሎስ እስከምትባለው የወደብ ከተማ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በመርከብ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ተጉዘን ደረስን። የአውሮፕላን ማረፊያዋ ሥራ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ሲሆን፣ የተሰየመውም የደሴቲቱ ተወላጅ በሆነው በደራሲው አሌክሳንድሮስ ፓፓዲያማንቲስ ስም ነው። ሰው ከሩቅ አገር ድረስ ካሜራውን ተሸክሞ የሚመጣው ግን ለማኮብኮቢያው ሲል ነው።

ርዝመቱ 1,628 ሜትር ብቻ ነው። የቦሌው ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር መሆኑን ልብ ይበሉ። ምክንያቱን ልጄ በመርከቡ ላይ አስረዳኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያጥራቸዋልና አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ስኪያቶስ ግን ከባሕሩ ጋር እኩል ናት፤ አጭሩም ይበቃታል። ያም ሆኖ ሰውና ነዳጅ ጢም ብሎ ለሞላ ጄት ጠባብ ናት። ስለዚህ ወደ እንግሊዝ የሚመለሱ አንዳንድ በረራዎች፣ በተለይ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ነዳጃቸውን ቀንሰው ይነሱና መንገድ ላይ ሌላ ከተማ አርፈው ይሞላሉ።

ከማኮብኮቢያው ደቡባዊ ጫፍ ጥቂት እርምጃ ርቆ መኪና የሚያልፍበት መንገድ አለ፤ ከመንገዱ ማዶ ባሕሩ ነው። አውሮፕላን የሚያርፈው ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው። በበጋ ወራት በኤጅያን ባሕር ላይ የሚነፍሰው ከሰሜን ስለሆነ፣ ብዙዎቹ የሚመጡት ከደቡብ በኩል፣ ከባሕሩ ላይ ዝቅ ብለው በመንገዱ ላይ ነው። መጀመሪያ ያየነው ባለ ፕሮፔለር ትንሽ አውሮፕላን ነበር። ቀጥሎ የመጣው ጄት ግን ሌላ ነገር ነው። ሩቅ ሳለ ድምፁ አይሰማም፤ ሁለት መብራት ብቻ ነው። ከዚያ በድንገት ሆዱ ከራስዎ በላይ ይሆናል፣ የጎማዎቹ ጥርስ ሳይቀር ይታይዎታል፣ ሳያስቡት ጎንበስ ይላሉ። እኔ ጎንበስ ስል ልጄ ሳቀብኝ።

አንድ ነገር ግን ከቤት ሳንወጣ ተነጋግረን ነበር፤ ሊነሳ ከተዘጋጀ ጄት ኋላ አንቆምም። የሚያርፈው አውሮፕላን ያስደነግጣል፤ ጉዳት የሚያደርሰው ለመነሳት ሞተሩን በሙሉ ኃይል ያስነሳው ነው። ከኋላው የሚወጣው ነፋስ ሰው አንስቶ ይጥላል፣ ጠጠር እንደ ጥይት ይወረውራል። በካሪቢያን ባሕር ላይ ባለችው በሲንት ማርተን ደሴት እንዲሁ በባሕር ዳርቻና በማኮብኮቢያ ዝነኛ የሆነ ቦታ አለ። በ2017 በሐምሌ ወር አንዲት ከኒውዚላንድ የመጣች ጎብኚ ከአጥሩ አጠገብ ቆማ ሳለ ይኸው ነፋስ ጥሏት ሕይወቷ አልፏል። ስኪያቶስም የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሰሌዳውን ተደግፈው ፎቶ የሚነሱ ግን አይጠፉም። ልጄ ስለ ሲንት ማርተን ከእኔ ቀድሞ አንብቦ ነበርና ብዙ መምከር አላስፈለገኝም። ከመንገዱ ወደ ጎን ወጣ ያለች ቦታ ራሱ መረጠ። «እማ፣ ከዚህ ሙሉው አውሮፕላን ይታያል፤ እዚያ የሚታየው ሆዱ ብቻ ነው» አለኝ።

እዚያ ተቀምጠን ነው ለብዙ ጊዜ በልቤ የነበረውን የጠየቅሁት። ይህን ለመረዳት ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስዎ።

ከአዲስ አበባ ስወጣ ልጄ አራት ዓመቱ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ያሳደገችው እናቴ ናት፣ ገርጂ። የገርጂን ሰፈር የሚያውቅ አውሮፕላኑ በጣሪያ ላይ እንዴት እንደሚያልፍ ያውቃል። እናቴ በስልክ እንደነገረችኝ፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር ምግቡን ትቶ ወደ ግቢ ይሮጥ ነበር። «እማዬ፣ እማ ያለችው በዚህ ነው?» ይላታል። «በዚህ አይደለም የኔ ልጅ፤ በሌላው ነው» ትለዋለች። ሌላ ምን ትበል? ወረቀቱ መቼ እንደሚያልቅ እኔም አላውቅ፣ እሷም አታውቅ። ቀን የሌለው ነገር ነበር።

ስለዚህ አቴንስ መጥቶ አውሮፕላን መውደዱን ሳይ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። እናቱን የወሰደበትን ነገር ሰው እንዴት ይወዳል? ያን ቀን ጠየቅሁት። ካሜራውን ከዓይኑ ሳያነሳ መለሰልኝ፤ «ገርጂ እያለሁ የትኛው እንደሆነ አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ።» ከዚያ ስልኩን አሳየኝ። በካርታው ላይ ትንሽ ቢጫ አውሮፕላን ትንቀሳቀሳለች። «ይሄ ከማንቸስተር ነው። ቦይንግ 737 ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶታል።»

አሥራ አንድ ደቂቃ ጠበቅን። በባሕሩ ላይ ሁለት መብራት ታየ። መጣ፣ አረፈ። ልጄ ደብተሩ ላይ ጻፈው።

በዚያች ቅጽበት የልጄ ፍቅር ለመጠበቅ መሆኑ ገባኝ፤ ለዚያውም የሚጠብቀው ነገር ከየት እንደተነሳና መቼ እንደሚደርስ በሚታወቅበት መጠበቅ። እርስዎም በሥራ ወይም በትምህርት ምክንያት ከልጅዎ ተለይተው የሚኖሩ ከሆነ፣ ወይም እናቱ አባቱ ውጭ የሆነ የዘመድ ልጅ የሚያሳድጉ ከሆነ ይህን ያስቡት። ልጅ መጠበቅ ይችላል፤ የሚከብደው ጫፍ የሌለው መጠበቅ ነው። የመምጫው ቀን ካልታወቀ የሚታወቀውን ይስጡት። የሚቀጥለው ስልክ እሑድ ከምሳ በኋላ ነው ይበሉት፤ እሑድ ከምሳ በኋላም ይደውሉ። በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ራሱ ምልክት ያድርግ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእሱ ግን ትልቅ ነው።

ልጅዎ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ከሆነ ደግሞ ይህ ለቤተሰብ የሚመች መዝናኛ ነው። ብዙ ወጪም የለውም። ለመጀመር ስልክና ደብተር ይበቃል። ካሜራ ካለ ለጄት የሹተር ፍጥነቱን 1/1000 ሰከንድ አካባቢ ያድርጉት። ባለ ፕሮፔለር ሲሆን ወደ 1/200 ዝቅ ያድርጉት፤ አለዚያ ፕሮፔለሩ በአየር ላይ የቆመ ይመስላል። ፀሐይን ከኋላዎ ያድርጉ። ስኪያቶስ ላይ ማኮብኮቢያው ከደቡብ ወደ ሰሜን የተዘረጋ ስለሆነ ጠዋት ከምሥራቅ በኩል፣ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ በኩል መቆም ይሻላል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ግን ካሜራውን ዘግቶ ዓሣ መብላት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ፎቶ ማንሳት የሚፈቀድበት ቦታ መሆኑን ያረጋግጡ። በ2001 በዚያው በግሪክ፣ ካላማታ በሚገኝ የአየር ኃይል ሰፈር፣ 14 እንግሊዛውያንና ሆላንዳውያን ስፖተሮች ለስለላ ነው የመጣችሁት ተብለው ታስረው ነበር። በ2002 ሚያዝያ ላይ ተፈርዶባቸው፣ በይግባኝ ነፃ የወጡት በዚያው ዓመት ኅዳር ነው። የአንዱ መዝናኛ ለሌላው አገር የጸጥታ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባም ቢሆን ሳይጠይቁና ሳይፈቀድልዎ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ካሜራ አይደግኑ። ከገዛ ግቢዎ ሆነው በዓይን መቁጠር ይበቃል።

ልጄና እኔ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አቴንስ ውስጥም እንወጣለን። እሱ ያነሳል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዳንድ ቀን ገርጂ እንደውላለን፤ እናቴ ግቢ ወጥታ ያለፈውን አውሮፕላን ቀለም ትነግረዋለች፣ እሱም የየትኛው አየር መንገድ እንደሆነ ይገምታል። እርስዎም አንድ ቅዳሜ ይሞክሩት። አውሮፕላን ሲያልፍ ልጅዎን «ከየት የመጣ ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት፤ ከዚያም መልሱን አብራችሁ ፈልጉት።