ጽጌረዳ በቆላ

ከጎንደር ወርዶ በመተማዋ ገንዳ ውሃ ጎጆ የቀለሰ ሰው ለግቢው መጀመሪያ የሚያስበው ጽጌረዳ ነው። የደጋ ልማድ ምን ይደረግ! ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲሻገር ጽጌረዳዋ ጥላ ካላገኘች ሳትሰናበት ትሄዳለች።

የቆላ ሰው ቡገንቪሊያ ይተክላል። ሥር ከያዘ በኋላ ጥም ቻይ ነው፤ እንዲያውም ውሃ ሲበዛለት ቅጠሉን ያንዠረግግና በአበባው ይሰስታል። በነገራችን ላይ፣ ያ የምናደንቀው ሐምራዊ ነገር ራሱ ቅጠል ነው፤ አበባዋ መሐል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት።

ዋናው ፈተና አፈሩ ነው። የመተማ ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል፤ በክረምት ውሃ አቁሮ ሥር ያፍናል። ስለዚህ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሎ መደቡን ከፍ ማድረግ ነው። በበጋ የሰሊጥ አገዳ ከሥሩ ቢነጠፍ እርጥበት ያቆያል፤ ከግንዱ ግን ይራቅ፣ ምስጥ ይጠራል። ውሃውም በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይሁን፤ በቀትር ማጠጣት ሐሩሩን መቀለብ ነው።

እናም ወዳጄ፣ ችግኝህን ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ትከል፤ አጥሩን ግን ለነገ አትበል፣ የሰፈሩ ፍየል ቀጠሮ አያከብርም።